መኪናው አይመጣም

ያን ቀን የሆነውን ለብዙ ሰው ተናግሬዋለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ግማሹን ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ የሲስተሙን ነገር፣ ለዘመድ የእናቴን ነገር። ሁለቱን አንድ ላይ ስተርክ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ታገሡኝ።

ብሩክ እባላለሁ። ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ውስጥ ባለ አንድ የግል የአምቡላንስ ድርጅት የሲስተም ባለሙያ ነኝ። አንድ ሰው በስልኩ አምቡላንስ ሲጠራ ጥሪው ወደ እኛ ሲስተም ይገባል፤ ሲስተሙም በአቅራቢያው ላለ ሹፌር ስልክ ያስተላልፈዋል። ይህን የሚያደርገውን ሰርቪስ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ደህና ሲሆን የሚያስታውሰኝ የለም፤ ሲበላሽ ሁሉም ስሜን ይጠራል።

ከዚያ ቀን ጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ አዲስ ነገር ሠርቼ ነበር። ድርጅቱ የኤአይ ኤጀንት መጠቀም ጀምሮ ነበር፤ በጽሑፍ የምታዋራው፣ የተሰጠውን መሣሪያ እየተጠቀመ ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም ማለት ነው። እኔ ደግሞ የሰርቪሶቻችንን ሎግ የሚያነብበት መሣሪያ ሰጠሁት። ሎግ የምንለው ሰርቪሱ የሚያደርገውን እያንዳንዱን ነገር በየሰከንዱ እየጻፈ የሚያስቀምጥበት መዝገብ ነው። አንዳንድ ቀን ሰው አንብቦ የማይጨርሰው ይሆናል። ኤጀንቱ ግን ያነባል፣ ያነጻጽራል፣ ያየውን ይነግርሃል።

ማንበብ እንጂ መንካት እንዳይችል አድርጌ ነው የሠራሁት። ሰርቪስ ማቆምም ማስነሳትም አይችልም። የደዋዮቹን ስምና ስልክም ሸፍኜበታለሁ፤ የሚያየው የጥሪውን መለያ ብቻ ነው። አለቃችን ሚስተር ኪማኒ ይህ አልተዋጠላቸውም ነበር።

«ሐኪም ቀጥረህ እጁን አሠርከው ማለት ነው» አሉኝ።

«መጀመሪያ ዓይኑን እንየው» አልኳቸው። ሳቁና ተውኝ።

ቤታችን ኪሌሌሽዋ ነው፤ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት የሌለው። ባለቤቴ ራሄል ከቤት ሆና የሂሳብ ሥራ ትሠራለች። እናቴ ወይዘሮ አስካለ አባቴ ካረፈ በኋላ ከናዝሬት መጥታ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበረች። ናይሮቢም መጥታ አላረፈችም፤ የፎቁን ነዋሪ መጋረጃ በሙሉ ያሳጠረች እሷ ናት። ከእኛ በታች ባለው ቤት ከምትኖረው ከማማ ሃሊማ ጋር ደግሞ የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው ጓደኛ ሆኑ። ማማ ሃሊማ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በስዋሂሊ፣ ጨርቅ ዘርግተው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ያወራሉ። ምን ተባባላችሁ ስላት፣ «ስለ ልጆቿ ነገረችኝ» ትለኛለች። እንዴት እንደገባት አላውቅም።

ማክሰኞ ነበር። ከምሳ ስንመለስ አንድ ሹፌር ወደ ቢሮ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው አጠገቤ የምትሠራው ባልደረባዬ አኪኒ ናት።

«ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» ይላል ሹፌሩ። «ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሰው አድርሻለሁ፤ አሁን ግን ስልኬ ዝም አለ።»

አኪኒ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጸጥ ያለ ቀን ነው?» አለችኝ።

ስክሪኑን አየሁ። ሁሉም አረንጓዴ ነው። ሰርቪሱ እየሠራ ነው ይላል። ጥሪዎችም እየገቡ ነው። ጥሪ ካለና ሹፌር ካልሰማ መሀል ላይ አንድ ነገር ቆሟል ማለት ነው። ሎጉን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ መስመሩ ከዓይኔ ፈጥኖ ያልፋል። ያኔ ለኤጀንቱ ጻፍኩለት። የምንጻጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያለውን በአማርኛ ልንገራችሁ።

«ሰርቪሱ በርቷል» አለኝ። «ነገር ግን ከምሳ ሰዓት ወዲህ ከገቡት ጥሪዎች አንዳንዶቹ ለሹፌር ሲተላለፉ የሚያሳይ መስመር አላገኘሁም። ገብተው ወረፋ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ሌሎቹ እያለፉ ስለሆነ ነው ማስጠንቀቂያው ያልተነሳው።»

ሚስተር ኪማኒን ጠራኋቸው። መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«በቃ ሪስታርት አድርገው» አሉ።

እኔም ልክ እንደዚያው እያሰብኩ ነበር። በእኛ ሥራ የቆመ ነገር ሲገጥምህ መጀመሪያ የምታደርገው እሱን ነው፤ አጥፍቶ ማስነሳት። ትእዛዙን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ አንድ ቁልፍ መምታት ብቻ ነው። ኤጀንቱ ግን ማንበቡን አላቆመም ነበርና ሌላ መልእክት መጣ።

«ከማስነሳትህ በፊት ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ ባለፈው ወር ይኸው ሰርቪስ ጠፍቶ ተነሥቶ ነበር። ያኔ ወረፋ ላይ የነበሩት ጥሪዎች ከተነሣ በኋላ በሎጉ ውስጥ አንዳቸውም አይታዩም። አሁንም ሲነሳ ሊጠፉ ይችላሉ። እኔ የማየው ሎጉን ብቻ ስለሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለተኛው ይበልጥ አስቸኳይ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ሁሉ ‹መኪናው በመንገድ ላይ ነው› የሚለው መልእክት ተልኮላቸዋል። መልእክቱ የሚላከው ሹፌር ሲቀበል ሳይሆን ጥሪው እንደገባ ነው። ስለዚህ አሁን የማይመጣ መኪና እየጠበቁ ይሆናል። እኔ ላገኛቸው አልችልም። የጥሪዎቹን መለያ ከታች ጽፌአለሁ፤ ሰው ቢደውልላቸው ይሻላል።»

አኪኒ ከትከሻዬ በላይ ሆና ስታነብ ትንፋሿን ሰማሁት። እጄን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ፈጠነ። አኪኒ መለያዎቹን ይዛ የደዋዮቹ መረጃ ከተቀመጠበት ሌላ ሲስተም የስልክ ቁጥሮቹን አወጣች። ከአሥር አይበልጡም። አንድ ገጽ ላይ አትማ ወረቀቱን መሀሉን ቀደደችና ግማሹን ሰጠችኝ። ሚስተር ኪማኒ ጥሪ ተቀባዮቹን ሰብስበው ሹፌሮቹን አንድ በአንድ በስልክ እንዲያሰማሩ አዘዙ።

የመጀመሪያው ቁጥር ሩንዳ ከሚባለው ሰፈር ነበር። የቤት ሠራተኛ አነሳች። «ሰውየውን በራሳቸው መኪና ወስደዋቸዋል፤ እናንተን ስንጠብቅ ደከመን» አለችና ዘጋችው። ወረቀቱ ላይ መስመር አሰመርኩበት።

ሁለተኛውን ቁጥር መታሁት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቁጥሩን አላወቅኩትም። ዛሬ የሚስቱን ስልክ በቁጥር የሚያውቅ ሰው ማን አለ? በስሟ ነው የምደውልላት። ወረቀቱ ላይ ያለው አሃዝ ብቻ ነበር።

«ሄሎ፣ ደህና ዋሉ፣ ከአምቡላንስ አገልግሎት ነው የምደውለው። ቅድም ያደረጉት ጥሪ…»

«ብሩክ?»

ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ እንደገና አየሁት።

«ብሩክ፣ አንተ ነህ እንዴ? መኪናው የት ደረሰ?»

«ራሄል፣ ምን ሆናችሁ?»

«እማዬ ወደቀች። አፏ ተጣሟል፤ ግራ እጇን ማንሳት አልቻለችም። ላናግራት እሞክራለሁ፣ የምትለው አይገባኝም። በመንገድ ላይ ነው ብለው መልእክት ልከውልኛል። አሁንም በረንዳ ላይ ሆኜ በሩን እያየሁ ነው።»

«መቼ ነው የጠራሽው?»

«ቆይቷል። ሐኪም ቤት ስንደርስ ልደውልልህ ብዬ ነው። ሥራ ላይ እንዳትደነግጥ።»

«ራሄል፣ መኪናው አይመጣም።»

የምትተነፍሰው ይሰማኛል።

«አይመጣም። ማንም ሹፌር አልሰማም። ማማ ሃሊማ አለች?»

«መኪናዋ ታች ቆሟል» አለች በቀስታ። «ይኸው እስካሁን እያየሁት ነው።»

«በእሷ መኪና ውሰጃት። የበሩን ዘበኛ ጥሪው፤ አብሮ ያውርዳት። አሁኑኑ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ የሆነውን ከዚህ በተሻለ ልገልጸው አልችልም። ሰውነቴ ውስጥ የሆነ ነገር ጠፋ። አልደነገጥኩም፤ አልተንቀጠቀጥኩም። ቁጥሩ ላይ መስመር አሰመርኩ። የመስመሩ ቀጥ ማለት ዛሬም ይታወሰኛል።

አኪኒ የራሷን ስልክ በእጇ ሸፍና፣ «ማን ናቸው? በቋንቋህ አወራህ» አለችኝ።

«ሚስቴ ናት። እናቴ ናት የታመመችው።»

«ታዲያ ተነሥ! ወረቀቱን ስጠኝ።»

«ሦስት ናቸው የቀሩኝ» አልኳት፤ ቀጣዩንም መታሁት።

ሰዎች ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ሲጠይቁኝ ጀግንነት ያስመስሉታል፤ ወይም ጭካኔ። ሁለቱም አይደለም። ላቪንግተን ሆኜ ኪሌሌሽዋ ያለችው እናቴ ጋ ከማማ ሃሊማ ቀድሜ ልደርስ አልችልም፤ እሷ እዚያው ታች ናት። ይህን ያኔ አስቤው ነው ብዬ ብነግራችሁ ግን ውሸት ነው። አላሰብኩም። እጄ ቀጣዩን ቁጥር መታ፣ አፌ ያንኑ ቃል ደገመ። አንድ አባት የልጃቸው ምጥ መጥቶ ነበር፤ ታክሲ ጠሩ። አንዲት ሴት አላመነችኝም፤ «ታዲያ ለምን በመንገድ ላይ ነው አላችሁኝ?» አለችኝ። ይቅርታ ጠይቄ ሌላ መኪና እንድትፈልግ ነገርኳት። የመጨረሻው ሰው ስልኩን ሲያነሳ ሹፌራችን ደርሶለት ነበር።

ወረቀቱን ለአኪኒ ሰጠሁ፤ ሰርቪሱንም ያኔ አስነሳሁት። ወዲያው ሠራ። ወረፋው ባዶ ሆኖ ተነሣ። ቀድመን አስነሥተነው ቢሆን ኖሮ የእነዚያ ሰዎች ጥሪ ከስክሪኑ ይጠፋ ነበር፤ እኛም ደህና ሆነ ብለን ሻይ እንጠጣ ነበር። ራሄልም በረንዳው ላይ ትቆም ነበር።

ሚስተር ኪማኒ ትከሻዬን ይዘው፣ «ፖሌ ሳና፣ ሂድ» አሉኝ። አዝናለሁ ማለታቸው ነው። ቦዳ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ሳይክል ላይ ወጣሁ። ሹፌሩ መንገዱን ሙሉ ስለ መኪና ጭንቅንቁ ሲያማርር፣ «አዎ፣ አዎ» እለው ነበር።

ራሄል ደውላ የነገረችኝ ሐኪም ቤት ስደርስ እማዬ አልጋ ላይ ነበረች። ዓይኗ ተከፍቷል። ማማ ሃሊማ እግሯ ሥር ተቀምጣ እግሯን ታሻለች። ራሄል ስታየኝ ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። እማዬ በደህናው እጇ የሸሚዜን እጅጌ ያዘችና ጠርዙን በጣቶቿ ዳሰሰችው፤ ስፌቱ መተርተሩን የምታይ ይመስል። አንድ ነገር አለች። አልገባኝም። «እሺ እማዬ» አልኳት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ኮሪደር ላይ ጠየቅኋት።

«ቀደም ብላ ደርሳ ቢሆን?»

«አንዳንድ ጊዜ ይጠቅማል» አለችኝ። «አንዳንድ ጊዜ ቀድመው ቢደርሱም ልናድናቸው አንችልም። እናትህ ጭንቅላት ውስጥ የፈሰሰው ደም ብዙ ነው። ይህን ጥያቄ ልመልስልህ አልችልም።»

ዓርብ ጠዋት አረፈች።

ለቅሶው እኛው ቤት ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች መጡ፤ የራሄል ዘመዶች ጴንጤዎች ናቸውና እነሱም መጡ፤ እማዬ መጋረጃ ያሳጠረችላቸው ኬንያውያን ጎረቤቶቻችንም ከየፎቁ መጡ። ወንበር አመላለስኩ። ውኃ ቀዳሁ። የመጣውን ሁሉ አመሰገንኩ። ማማ ሃሊማ ጮክ ብላ ስታለቅስ አጠገቧ ቆሜ ሶፍት ሰጠኋት። እኔ አላለቀስኩም። «ጠንካራ ነው» ሲባል ሰማሁ። አንዲት አክስቴ በስልክ፣ «ኧረ አልቅስ ልጄ፣ ይወጣልሃል» አለችኝ። እሺ አልኳት። የሚወጣ ነገር ግን አልነበረም።

ሰው ከቀነሰ በኋላ አንድ ከሰዓት ራሄል ኩሽና ውስጥ ሳህን እያደረቀች ጠየቀችኝ።

«ከእኔ በኋላ ሌላ ሰው ጋ ደወልክ?»

«አዎ።»

«ስንት?»

«ሦስት።»

ሳህኑን አስቀመጠች። «እኔን ስታናግረኝም እንደ ሠራተኛ ነበርክ። አምቡላንስ እንደጠራ እንደማንኛውም ሰው ነው ያናገርከኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ባትደውል ኖሮ አሁንም በረንዳ ላይ ነበርኩ» አለች ቀጥላ። «በዚያም ተናድጄብሃለሁ፣ በዚህም አመሰግንሃለሁ። ሁለቱን እንዴት እንደምይዛቸው አላውቅም።»

እኔም አላውቅም ነበር። ሌላ ሳህን አነሳሁና ማድረቅ ጀመርኩ።

ሥራ ስመለስ ማንም ሳያየኝ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር ኤጀንቱን ስለዚያ ጥሪ መጠየቅ ነው። የራሄልን ጥሪ መለያ ጻፍኩለትና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሆነውን ንገረኝ አልኩት። የእናቴ ነው ብዬም ጻፍኩ። ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም፤ ለሥራው አያስፈልገውም።

«በጣም አዝናለሁ» ብሎ ጀመረ። «ጥሪው ገብቷል። መልእክቱ ወዲያው ተልኳል። ከዚያ ሰርቪሱ ለሹፌር ሊያስተላልፈው ደጋግሞ ሞክሮ አልቻለም፤ እስክታስነሳው ድረስ ወረፋ ላይ ነበር። ሎጉ የሚነግረኝ ይህን ብቻ ነው። መኪናው በሰዓቱ ቢደርስ እናትህ ይተርፉ ነበር ወይ የሚለውን አይነግረኝም፤ እኔም የምነግርህ ካስመሰልኩ እዋሽሃለሁ። ባለቤትህ እንድትጠብቅ ያደረጋት ግን መልእክቱ መሆኑ ግልጽ ነው። ሌሎችም እንዳይጠብቁ ሊቀየር የሚችለው እሱ ነው።»

ብዙ ጊዜ አነበብኩት። በለቅሶው ወቅት ሁሉም ሰው ቀኗ ደርሶ ነው ብሎኛል፤ ሊያጽናናኝ። ሌላው ደግሞ በድርጅቱ ላይ እንድቆጣ መክሮኛል። የማላውቀውን ነገር እንደማላውቀው ትቶልኝ የማውቀውን የነገረኝ ግን ከሐኪሟ ቀጥሎ እሱ ነው።

በዚያው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። ሚስተር ኪማኒ ኤጀንቱ ራሱ ሰርቪስ ማስነሳት እንዲችል ይፈቀድለት አሉ። ሰው እስኪያይ መጠበቅ የለብንም አሉ።

«ያን ቀን ያን ሥልጣን ይዞ እኛ የምናደርገውን ቢያደርግ ኖሮ ወዲያው ያስነሳው ነበር» አልኳቸው። «ሰዎቹም ይጠፉ ነበር። ያዳነን መጀመሪያ ማንበቡ ነው። ወደፊት እጅ እንስጠው ይሆናል፤ አልቃወምም። ግን ከዚያ በፊት ወረፋው ሲነሳ እንዳይጠፋ እናድርግ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ውሸት መናገራችንን እናቁም።»

«የምን ውሸት?» አሉ።

«ሹፌር ሳይቀበል መኪና በመንገድ ላይ ነው ማለት።»

ከዚያ አኪኒ፣ «እኔም ከእሱ ጋር ነኝ» አለች።

አሁን ሲስተማችን ሹፌር እስኪቀበል ድረስ ጥሪዎ ደርሶናል፣ መኪና እየፈለግን ነው ብቻ ነው የሚለው። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሹፌር ካልተገኘ ደግሞ በግልጽ ይናገራል፦ መኪና አላገኘንም፤ ሌላ መንገድ ካለዎት አይጠብቁን። ሚስተር ኪማኒ ይህን ዓረፍተ ነገር ለመፍቀድ ብዙ ተሟግተዋል። ደንበኛ ያሸሻል ብለው ፈርተው ነበር። በመጨረሻ ፈረሙ።

ይህን የምታነቡ፣ ከእናንተ መሀል እንደ እኔ ሰው የማያየው ሲስተም የሚጠብቅ ይኖራል። ለማሽን ዓይን ስጡት፤ አትፍሩ፤ የሚያየውን ግን ወስኑለት። ያየውን ሲነግራችሁም እጃችሁን ከቁልፉ ላይ አንሡና ስሙት። የቀራችሁት ደግሞ፣ አንድ ሰው ይመጣል ተብሎ የሚጠብቃችሁ ካለና እንደማትመጡ ካወቃችሁ፣ ንገሩት። ሌላ ምክር የለኝም። እኔ ተሻልኩ፣ ተጽናናሁ ብዬ ልጨርስላችሁ አልችልም። ከራሄል ጋር ስለዚያ ቀን አሁንም አልፎ አልፎ እናወራለን፤ አንዳንዴ መሀል ላይ እናቆመዋለን።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አዲሱ መልእክት ሥራ ከጀመረ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ቅሬታ አቅራቢ አለ ተብሎ ስልክ ወደ እኔ ተላለፈ። የላቪንግተን ሰው ናቸው። ተቆጥተዋል።

«እናንተ አምቡላንስ ናችሁ ወይስ ምንድን ናችሁ?» አሉኝ። «አባቴ ደረቱን ይዞ ወድቆ ስጠራችሁ አትጠብቁን ብላችሁ ትጽፋላችሁ? በታክሲ ተሸክሜ ወሰድኩት። እንደዚህ ብሎ ነገር አለ?»

«ይቅርታ ጌታዬ» አልኳቸው። «አባትዎ አሁን እንዴት ናቸው?»

«ተቀምጦ ሾርባው ጨው የለውም እያለ ነርሷን እያስቸገራት ነው» አሉና ቁጣቸውን ቀጠሉ። እስኪጨርሱ አዳመጥኳቸው። ስለደወሉ አመሰገንኳቸው። ስልኩን አስቀመጥኩ።

ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አኪኒ ተነሥታ የቢሮውን በር ዘጋችና የእኔን ስልኮች እሷ ማንሳት ጀመረች።